ወጣት ልጆች ይዘን በየትኛው መርከብ እንሳፈር?

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። በሰሜን አሜሪካ ባሉ አብያተ ክርስቲያናታችን ያሉ ባለትዳሮች «ክሩዝ» ስለሚባለው የመዝናኛ መርከብ ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ በተለይም ልጆቻቸው 12፣ 14፣ 17 ዓመት የሆናቸው ወላጆች። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎቻችን ስለ መርከቡ የምንለው ባይመለከታችሁም ስለ ልጆቹ የምንለው ሳይመለከታችሁ አይቀርምና ታገሡን።

ጥያቄው የቅንጦት ይመስላል፤ ግን አይደለም። እናት በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ አባት ቀን አንድ ሥራ ውሎ ማታ ታክሲ ይነዳል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠለትን አሙቆ ይበላና ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል። በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ አራት ሰዎች በአንድ ማዕድ የሚቀመጡት ምናልባት እሑድ ከአምልኮ መልስ ብቻ ነው። ከዚያ ልጁ 18 ዓመት ይሞላውና ኮሌጅ ይሄዳል። እንግዲህ ፈረቃ በሌለበት፣ ማብሰልና መኪና መንዳት በማያስፈልግበት ቦታ ሰባት ቀን አብሮ መሆን ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ትንሽ ነገር አይደለም። ይህ ግን አስባችሁ ከመረጣችሁ ነው። ዋጋውን ብቻ አይታችሁ ከተሳፈራችሁ እነዚያ ሰባት ቀኖችም እንደ ቤታችሁ ይሆናሉ፤ ሁሉም በየፊናው ውሎ ለመኝታ ብቻ መገናኘት።

ለምን ቢባል፣ የዛሬዎቹ ትልልቅ መርከቦች የተሠሩት እያንዳንዱን መንገደኛ እንደ ዕድሜው ለብቻው እንዲያዝናኑ ነው። ለሕፃናት የራሳቸው ክፍል፣ ለወጣቶች የራሳቸው ክበብ፣ ለአዋቂዎች ደግሞ ልጅ የማይገባበት መዋኛ፣ መጠጥ ቤትና የቁማር አዳራሽ አለ። በጃንዋሪ 2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገውን «አይከን ኦቭ ዘ ሲዝ» የተባለ የሮያል ካሪቢያን መርከብ እንውሰድ። ሃያ ፎቅ አለው፤ ርዝመቱ ወደ 365 ሜትር ነው፤ ሲሞላ እስከ 7,600 መንገደኞች ይይዛል፤ ሠራተኞቹ ብቻ ከ2,000 በላይ ናቸው። ይህ እንግዲህ በባሕር ላይ የሚሄድ ከተማ ነው። ወጣቶች ሥዕሉን ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል፤ አይፈረድባቸውም። ሆኖም በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ ከቁርስ በኋላ የተለያችሁትን ልጅ ሳትቀጣጠሩ ማግኘት በመርካቶ መካከል ሰው እንደ መፈለግ ነው።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ የመጀመሪያ ጉዟችሁ ከሆነ ከ2,000 እስከ 3,000 መንገደኛ የሚይዝ መካከለኛ መርከብ ምረጡ። የውሃ መንሸራተቻው ያነሰ ይሆናል፤ ልጆቹም በመጀመሪያው ቀን ያኮርፉ ይሆናል። ነገር ግን በደረጃው ላይ ትገናኛላችሁ፤ በቡፌው ሰልፍ ላይ ትገናኛላችሁ፤ ልጃችሁ ያገኛቸውን ጓደኞች በሦስተኛው ቀን በመልክ ታውቋቸዋላችሁ። ይህ በትልቁ መርከብ ላይ በገንዘብ የሚገኝ ነገር አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ ጸጥታ ፈልጋችሁ በዕድሜ የገፉ መንገደኞች ወደሚበዙባቸው ኩባንያዎች፣ ለምሳሌ ወደ ሆላንድ አሜሪካ፣ ብትሄዱ 15 ዓመት የሆነው ልጃችሁ እኩያ አጥቶ ሳምንቱን ሙሉ ፊታችሁን ሲያይ ይከርማል። ትምህርት በሚዘጋበት በሰመር ወራት ወጣቱ ይበዛል፤ ዋጋውም እንዲሁ። ከፍሎሪዳ የሚነሡት የሦስትና የአራት ቀን ርካሽ ጉዞዎች፣ በተለይም በማርች ወር የኮሌጅ ተማሪዎች ዕረፍት ሲሆን፣ ለመጠጥና ለጭፈራ የሚሳፈር ይበዛባቸዋልና ለቤተሰብ አንመክራቸውም።

12 ዓመት የሞላው ልጅ

ብዙ ወላጆች የማያውቁት፣ ሻጩም ቀድሞ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ትንንሾቹን ልጆች ወደ መጫወቻው ክፍል ስታስገቡም ስታስወጡም ትፈርማላችሁ፤ የወጣቶቹ ክበብ ግን ፊርማ የለውም። ልጁ በፈለገው ሰዓት ይገባል፤ በፈለገው ሰዓት ወጥቶ ወደፈለገው ፎቅ ይሄዳል። «ክበብ ነው ያለው» ብላችሁ ስትቀመጡ ከወጣ ሁለት ሰዓት ሆኖት ሊሆን ይችላል። ጥበቃ የምታስቡት ቦታ መሰብሰቢያ እንጂ ሞግዚት አይደለም።

ይህ ነጻነት የሚጀምርበት ዕድሜ እንደ ኩባንያው ይለያያል። ካርኒቫል ከ12 እስከ 14 እና ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉትን በሁለት ክበብ ይከፍላቸዋል። ኖርዊጅያን ግን ከ13 እስከ 17 ያሉትን በአንድ ላይ ያደርግና የ12 ዓመቱን ልጅ ከትንንሾቹ ጋር ያስቀረዋል። ስለዚህ ገና ልጅነቱ ያልለቀቀው የ12 ዓመት ልጅ ካላችሁ አንዱ ኩባንያ ከ14 ዓመት ወጣቶች ጋር ያውለዋል፤ ሌላው ከሕፃናት ጋር። የ14 እና የ15 ዓመት ወንድማማቾች ካሏችሁ ደግሞ አንዱ ቦታ ይለያያሉ፤ ሌላው ቦታ አብረው ይሆናሉ። የሚቆጠረው መርከቡ በሚነሣበት ቀን ያላቸው ዕድሜ ነውና የልደት ቀናቸውን አስቡ። ከመርከቡ ውበት ይልቅ ይህን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጌታችን ኢየሱስም ከቤተሰቡ ጋር ስላደረገው ጉዞ በሉቃስ ወንጌል 2፥41-52 የተጻፈልን በዚሁ በ12 ዓመቱ ነው። ዮሴፍና ማርያም ግድ የለሽ ወላጆች አልነበሩም። ከዘመድና ከአገር ልጅ ጋር በብዛት መጓዝ የዘመኑ ልማድ ነበርና ልጁ ከሕዝቡ መካከል ነው ብለው አንድ ሙሉ ቀን ሄዱ፤ ያገኙትም ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እኛም «ከቤተ ክርስቲያን ልጆች ጋር ነው» ብለን ስንት ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን ተጉዘናል! ከክፍሉ ሁለት ነገር አስተውሉ። እናቱ ባገኘችው ጊዜ ጭንቀቷን በግልጽ ነገረችው፤ ጠየቀችውም። የመለሰላቸውን ግን ሁለቱም አልተረዱትም፤ እርሷም ነገሩን በልቧ ያዘችው። በዚህ ዕድሜ ካለ ልጅ ጋር የሚጓዝ ወላጅ መጠየቅንም፣ መልሱ ወዲያው ሳይገባው በልቡ መያዝንም ይፈልጋል።

ሌላው ዕድሜ 18 ነው። ብዙ ቤተሰቦች ትልቁ ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ ሲመረቅ ለምርቃቱ ክሩዝ ያስባሉ። መልካም አሳብ ይመስላል፤ ግን አስተውሉ። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ከወጣቶቹ ክበብ ይወጣል፤ የ16 ዓመት እኅቱ ስትገባ እርሱ በር ላይ ይቀራል። ከአሜሪካ ወደብ በሚነሡ መርከቦች መጠጥ የሚፈቀደው ለ21 ዓመት ስለሆነ የአዋቂው መዝናኛም የእርሱ አይደለም፤ ይህስ ይሁን። ነገር ግን በካርኒቫልና በሌሎችም ብዙ መርከቦች የቁማር አዳራሹ ለ18 ዓመት ክፍት ነው። ሌላው ሁሉ የተዘጋበት ልጅ፣ የተከፈተለት በር ያ ብቻ ሲሆን ምን ያደርጋል? ከተቻለ አንድ ዓመት ቀደም ብላችሁ፣ 12ኛ ክፍልን ከመጀመሩ በፊት ባለው ሰመር ሂዱ። ለምርቃቱ ሌላ ነገር አታጡለትም።

ወዴት?

ይህን ስንጽፍ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲያትልና በቴክሳስ ያሉትን ወገኖች አስበናል፤ ሦስቱም ወደብ በቅርባቸው አለ፤ አራትና አምስት የአውሮፕላን ትኬት ማትረፍም ብዙ ገንዘብ ነው። ከሂዩስተን አንድ ሰዓት ያህል ነድታችሁ ጋልቨስተን ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ የሚነሡት መርከቦች በአብዛኛው ወደ ሜክሲኮዋ ኮዙሜልና ወደ አካባቢው ይሄዳሉ። ፀሐይ፣ አሸዋ፣ ዋና ነው። ስለ መዋኛ ልብስ ከሴት ልጃችሁ ጋር የምታደርጉትን ክርክር ቤት ጨርሱት፤ ወደብ ላይ አትጀምሩት። የወንዶቹም ዓይን ትምህርት እንደሚያስፈልገው አትርሱ። ከጁን እስከ ኖቬምበር የአውሎ ነፋስ ወራት ስለሆኑ መርከቡ መንገዱን ሊቀይር ይችላል። ልጆቹ ለአንድ ደሴት ብቻ ልባቸውን እንዳይጥሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከባልቲሞር ለሚነሡ፣ ወደ ቤርሙዳ የሚሄደውን እንወድደዋለን። መርከቡ ብዙ ጊዜ ወደቡ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ስለሚያድር ጥድፊያ የለበትም፤ በሕዝብ ጀልባና በአውቶቡስ ደሴቲቱን መዞር ይቻላል። በ1609 ወደ ቨርጂኒያዋ ጄምስታውን ይጓዝ የነበረ «ሲ ቬንቸር» የተባለ የእንግሊዝ መርከብ በማዕበል ተመትቶ እዚያው ድንጋይ ላይ ተሰበረ፤ በላዩ የነበሩት 150 ያህል ሰዎች ግን ሁሉም ተረፉ። በ1612 የተመሠረተው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በሴንት ጆርጅ ከተማ ይገኛል። በጉዞው ላይ የሐዋርያት ሥራ 27ን ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡና ወደዚያች ከተማ ውሰዷቸው፤ በጳውሎስ መርከብ ላይ 276 ነፍሳት እንደነበሩና አንድም እንዳልጠፋ በባሕር ላይ ሆኖ ማንበብ ሳሎን ተቀምጦ ከማንበብ ይለያል። የመርከቡ መናወጥ ራሱ ማብራሪያ ይሆናል።

ምርጫ ካላችሁ ግን፣ በተለይም ልጆቻችሁ ዝምተኞች ከሆኑ፣ ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄደውን እናስቀድማለን። ጉዞው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ አብዛኛውን ሰባት ሌሊት ነው። ምክንያታችን ቀላል ነው፦ በካሪቢያን ሁሉም የሚያየው መዋኛውን ነው፤ በአላስካ ግን መርከቡ በበረዶ ግግር ፊት ሲቆም ወጣቱም ሽማግሌውም ጃኬቱን ደርቦ ወደ አንድ ጎን ይወጣል። ዓሣ ነባሪ ብቅ ሲል ልጅ ሳያስበው አባቱን በክንዱ ይይዘዋል። ጁኖ ላይ የሜንደንሆል የበረዶ ግግር አለ፤ ስካግዌይ ላይ በ1898 ተጀምሮ በ1900 ያለቀው የወርቅ ፈላጊዎች ባቡር እስከ ዛሬ ተራራውን ይወጣል፤ ኬቺካን ላይ ዝናብ አለ። በጁን ወር ብርሃኑ በቀን ከ18 ሰዓት ስለሚበልጥ ማታውም የሚያስፈራ አይደለም። ጉዳቱ በየወደቡ የሚደረገው ሽርሽር ውድ መሆኑ ነው፤ አንዱን ብቻ መርጣችሁ በሌሎቹ ወደቦች በእግር ዙሩ።

ወረቀታችሁን ቀድማችሁ እዩ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ከመዝናናት የሚበልጥ ነገር ነውና። መርከቡ ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ አሜሪካ ቢመለስም በመካከል ሌላ አገር ይነካል። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነላችሁ ወገኖች፣ «አድቫንስ ፓሮል» የሚባለው የመመለሻ ፈቃድ ሳይኖራችሁ በእንዲህ ያለ መርከብ ከወጣችሁ ጉዳያችሁን እንደ ተዋችሁት ሊቆጠር፣ መግቢያም ልታጡ ትችላላችሁ። ይህን የመርከብ ትኬት ሻጭን አትጠይቁ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። ጥገኝነት አግኝታችሁ ግሪን ካርድ ያልደረሳችሁም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያስፈልጋችኋል። ለጉብኝት የመጡ እናታችሁንም ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ ቪዛቸው ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ ቀድማችሁ እዩ።

ግሪን ካርድ ያላችሁም የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁን አውጡና ቀኑን ተመልከቱ። ብዙዎቻችን «ዜግነት እስክንወስድ» ብለን ጊዜው ካለፈ በኋላ ሳናሳድሰው እንቀመጣለን። ከሲያትል የሚነሡት የአላስካ መርከቦች ካናዳዋን ቪክቶሪያን ይነካሉ፤ በሌላ አገር ባንዲራ የሚሄድ የመንገደኛ መርከብ የውጭ ወደብ ሳይነካ እንዳይመለስ የሚያስገድደው የ1886 የአሜሪካ ሕግ ነው። ካናዳ ደግሞ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያላቸውን ያለ ቪዛ የምታስገባው ጊዜው ያላለፈ የአገራቸው ፓስፖርት አብሮ ሲቀርብ ነው። በወደቡ አንወርድም ማለት አያድንም። የሌሎቹንም ደሴቶች ደንብ አንድ በአንድ ጠይቁ።

አሜሪካ የተወለዱት ልጆች ከ16 ዓመት በታች ከሆኑ እንዲህ ባለው የደርሶ መልስ ጉዞ በልደት ምስክር ወረቀት መሳፈር ይችላሉ። ቢሆንም ፓስፖርት አውጡላቸው። ልጅ ታሞ ከደሴት በአውሮፕላን መመለስ ቢያስፈልግ የልደት ወረቀት አያሳፍርም።

ስለ ገንዘቡ

የዚህ ጉዞ ወጪ በባልና በሚስት መካከል ቅያሜ የሚፈጥረው ብዙ ጊዜ ከጉዞው በኋላ ነው፤ የባንክ ወረቀቱ ሲመጣ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በካሊፎርኒያ በወጣው ሕግ ምክንያት ከጁላይ 2024 ጀምሮ ቀረጥንና የወደብ ክፍያን በማስታወቂያ ዋጋቸው ውስጥ አካተው ማሳየት ጀምረዋል፤ ይህ ረድቷል። ቲፕ የሚባለው የሠራተኞች ጉርሻ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው ይመጣል፤ በኩባንያው ዓይነት በአማካይ በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ነው። ለአራት ሰው ለሰባት ቀን በ18 ዶላር ስታሰሉት 504 ዶላር ይሆናል። ትንሽ አይደለም፤ ሆኖም ክፍላችሁን የሚያጸዳው ሰው ከቤተሰቡ ወራት ተለይቶ የሚሠራ ስደተኛ ነውና ይህን ክፍያ ለማስቀረት ሰልፍ የሚቆም አማኝ አያምርም። ኢንተርኔት፣ ለስላሳ መጠጥ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የወደብ ሽርሽር ሁሉም ለየብቻው ነው። የአሜሪካ የጤና መድንም በባሕር ላይ ላይሠራ ይችላልና ጠይቁ።

በአንድ ክፍል ሦስተኛና አራተኛ የሚሆኑት ቅናሽ አላቸው፤ ነገር ግን አራት ሙሉ ሰው የሚያህል ቤተሰብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከአንድ መታጠቢያ ጋር ሰባት ቀን ማሳለፍ ፍቅርን ይፈትናል። አቅም ካለ በመካከላቸው በር ያላቸውን ሁለት ክፍሎች ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃሉ። ለሁለታችሁም፣ ለባልና ለሚስት፣ በሩ ጥቅም እንዳለው ማስረዳት አያስፈልገንም።

አገር ቤት የእናት መድኃኒትና የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ እየጠበቀ እንዴት ለመርከብ እናወጣለን የሚል ሕሊና ያላችሁ፣ መልካም ሕሊና ነው። ባል ዝም ብሎ ትኬት ቆርጦ «ሰርፕራይዝ» ማለቱ፣ ወይም ሚስት በክሬዲት ካርድ ይዛ በኋላ መናገሯ ግን ይህን ሕሊና ወደ ጠብ ይለውጠዋል። በየወሩ 300 ዶላር ለዓመት ቢቀመጥ 3,600 ይሆናል። አሥራቱም፣ ወደ አገር ቤት የሚላከውም ሳይነካ ይህን ማስቀመጥ ከቻላችሁ በሰላም ሂዱ። ካልቻላችሁ ሁለት ዓመት ጠብቁ፤ መርከቡ የትም አይሄድም። የሰባት ቀን ጉዞ የመጨረሻ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ጉዞው 90 ቀን ሲቀረው ነው፤ ከዚያ በኋላ አሳብ መቀየር ያስከፍላል።

ከመሳፈራችሁ በፊት የሚደረግ ንግግር

መርከቡን ከልጆቹ ጋር ምረጡ። ሁለት ወይም ሦስት እናንተ የተስማማችሁባቸውን አቅርቡና የመጨረሻውን እነርሱ ይወስኑ። አንዱን ወደብ ሙሉ በሙሉ ለትልቁ ልጅ ስጡት፤ ካርታውን እርሱ ያንብብ፣ የዕለቱን ገንዘብ እርሱ ይያዝ፣ እናንተ ተከተሉት። በእንግሊዝኛው እኛን ሲያስተረጉም ያደገ ልጅ መሪነቱ እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ ክብር ሲሰጠው ለውጡን ታዩታላችሁ።

ከዚያ ከባዱ ንግግር አለ። ልጆቻችንን ታላቅን እንዲያከብሩ፣ ትልቅ ሰው ሲያዝ እሺ እንዲሉ፣ የሰው ፊት እንዳያሳፍሩ አድርገን አሳድገናል። መልካም አሳድገናል። በሺዎች የሚቆጠሩ የማይታወቁ ሰዎች ባሉበት፣ ብዙዎቹም ጠጥተው በሚያመሹበት ቦታ ግን ይህ አስተዳደግ ያለ አንድ ጭማሪ ልጁን ያጋልጠዋል። ጭማሪው ይህ ነው፦ ትልቅ ሰውም ቢሆን እምቢ ይባላል። የሌላ መንገደኛ ክፍል አይገባም፤ ሌላውንም ወደ ክፍላችን አናስገባም፤ ጓደኛ የተባለው ልጅ የቱንም ያህል ጨዋ ቢመስል። ከዓይን የራቀ መጠጥ አይጠጣም። የመርከቡ ሠራተኛም ቢሆን ብቻህን ና ካለህ አትሂድ። አንድ ነገር ቢደርስ በእናንተ እንደማይቆጡበት፣ ስሙ እንደማይጠፋ፣ ማንም ሳይሰማ ለእናንተ መናገር እንደሚችል ከአንደበታችሁ ይስማ። በብዙ ቤታችን ልጆች ዝም የሚሉት የሚደርስባቸውን ቁጣ ፈርተው ነው። በ2010 የወጣው የአሜሪካ ሕግ መርከቦች በአሜሪካውያን ላይ የደረሰ ከባድ ወንጀልን ለኤፍቢአይ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ይህን ለመጠቀም ግን ልጁ አስቀድሞ መናገር አለበት።

ይህንንም ለሴት ልጅ ብቻ አትንገሩ። እኅቱን በምሽቱ 3 ሰዓት ክፍል አስገብቶ ወንድሙን እስከ ፈለገ የሚተው ቤት ሁለቱንም ይጎዳል፤ ወንዶችም ይደፈራሉ፤ ወንዶችም ይሳሳታሉ። የሰዓቱ ደንብ አንድ ይሁን። ሮያል ካሪቢያንም ካርኒቫልም ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ያለ አዋቂ በአደባባይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 1 ሰዓት፣ በኋላ አይፈቅዱም። ያ የመርከቡ ሰዓት ነው፤ የቤታችሁ ሰዓት ከዚያ ቀደም ያለ ቢሆን ማንም አይከለክላችሁም። የልጁን የመርከብ ካርድ ዕቃ እንዳይገዛበት በእንግዳ መቀበያው ማስዘጋትም ይቻላል።

ከቤተ ክርስቲያን ስድስትና ሰባት ቤተሰብ ሆኖ መሄድን የሚወዱ አሉ። እኛ ሁለት ቤተሰብ ይበቃል እንላለን። ሲበዛ አዋቂዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ስለ አገር ፖለቲካ ሲያወሩ ያመሻሉ፤ ልጆቹም እንደ ለመዱት ይሆናሉ።

ለእራት ኩባንያው ሁለት ምርጫ ሲሰጣችሁ፣ በፈለጋችሁ ሰዓት ከሚለው ይልቅ ቋሚ ሰዓትና ቋሚ ጠረጴዛ ያለውን ውሰዱ። አስተናጋጁ በሁለተኛው ቀን ስማችሁን ያውቃል፤ የቀረ ልጅ ካለም የት እንዳለ ይጠይቃችኋል። ቀኑን ሙሉ ይለያዩ፤ በዚህ ሰዓት ግን ሁሉም ይገኝ። ስልክ በክፍል ይቅር። መጀመሪያ ሁለት ቀን ዝምታው ሊከብዳችሁ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ስብከትም አትጀምሩ። ስለ ዕለቱ ጠይቁና ስሙ። እናንተም በእነርሱ ዕድሜ ሳላችሁ የሆነውን ንገሯቸው፤ ብዙ ልጆቻችን አባታቸው በ15 ዓመቱ ምን ይመስል እንደነበር አያውቁም። እሑድ ቢውልባችሁ፣ አንዳንድ መርከቦች ለአምልኮ ቦታ ይፈቅዳሉና እንግዳ መቀበያውን ጠይቁ፤ ከሌለም ጧት ሰው ሳይነሣ የመርከቡ ሰገነት ባዶ ነው።

በመጨረሻ ትንንሾቹን ነገሮች እንናገርና እንለያይ። ቤት የተሠራ ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድምና ዶሮ ወጡን ተዉት። በጃንዋሪ 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ላይ ተገልብጣ 32 ሰዎች ከሞቱ ወዲህ የደኅንነት ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት የግድ ሆኗል፤ ልጆቹ መሰብሰቢያ ቦታቸውን በእግራቸው ሄደው ይዩት። ወደብ ስትደርሱ የምታስረክቡት ትልቁ ሻንጣ ክፍላችሁ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ፣ ምናልባትም ማታ ነው፤ ሰነዶቻችሁን፣ መድኃኒቱንና የልጆቹን የመዋኛ ልብስ በእጅ ቦርሳ ያዙ።